ስድስት ቡሎን

«ወደ ግራ አዘንብዪው። ወደኔ ግራ አይደለም፣ ወዳንቺ» አለ ኢድዋል። የመኪናዋ የመሃል ወንበር ወጥቶ የወለሉ ክዳን ተነስቷል፤ እሱ ተንበርክኮ በቀዳዳው ቁልቁል ያያል። ከታች የሚታየው የሚስቱ የማይርዌን ግንባርና ደረቷ ላይ የተቀመጠው የብረት ሳጥን ብቻ ነው።

«በጀርባዬ ተኝቼ ግራዬ የቱ እንደሆነ እኔም ጠፍቶኛል» አለች። «ዝም ብትልልኝ ይሻላል።»

ዝም ማለት ግን ከየት ይምጣ። ሳጥኑ ትራንስፈር ነው፤ የካምቢዮውን ጉልበት ለአራቱም ጎማ የሚያከፋፍለው። አሮጌው ጥርሱ አልቆ ዳገት ላይ እያጓራ፣ ዘይቱን ግቢው ሁሉ ላይ ሲያንጠባጥብ ከርሞ ዛሬ ጠዋት ወረደ። የእጅ ፍሬኑም አብሮት ስለሚወርድ ጎማዎቹ ስር ድንጋይ ተሸጉጧል። በዌልስ ተራራ ላይ ሁለት መቶ በግ ያለው ሰው አራቱም ጎማ ካልዞረለት እግሩን እንደተሰበረ ይቆጠራል።

መቀየሩ ለኢድዋል አዲስ አይደለም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ቀይሯል፤ ሦስቱንም እዚሁ ግቢ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ደረቱ ላይ ተሸክሞ። አዲሱ ነገር እሱ ከላይ መሆኑ ነው። በሚያዝያ ልቡን ከፍተው ሰፍተውታል፤ ሐኪሟም ከሻይ ማንቆርቆሪያ የከበደ ነገር እንዳያነሳ አስጠንቅቃዋለች።

ጎረቤት ይጠራ ሲባል እንቢ ያለችው ማይርዌን ናት። «በየዓመቱ ሁለት መቶ በግ እየገለበጥኩ የምሸልት ሴት አንድ ሳጥን ያቅተኛል?» ብላ የሱን ቱታ ለበሰች። እጅጌውን ስትጠቀልል ሲያያት ኢድዋል ከልቡ ከፋው። የቆጨው ሥራው አልነበረም፣ ቦታው ነው። ከመኪናዋ ስር ያለችው ያቺ ጠባብ ቦታ በዚህ ሁሉ እርሻ ላይ የእሱ ብቻ የሆነች ነበረች፤ አሁን ከለቀቃት ዳግም የሚያገኛት አልመሰለውም።

«አልገባም» አለች ከታች። «ጫፉ ላይ ይደርስና ይመልሰኛል።»

«ጥርስና ጥርሱ አልተገናኘማ። አትታገዪው፣ ብቻ ያዢልኝ።» ክንዱን በቀዳዳው አስገብቶ የሳጥኑን የኋላ መዞሪያ በጣቶቹ ያዘና ቀስ አድርጎ አዞረው። ትንሽ ጨመረ። «አሁን ሞክሪ።»

ሳጥኑ አንዴ አጉረመረመና ተንሸራቶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

«ገባ» አለች፣ ሳቋም የመኪናዋን ወለል ነዘረው። ኢድዋልም ሳቀ፤ መጀመሪያ ሳይወድ፣ ቀጥሎ ወዶ።

ሻይ ሊያፈላ ወደ ቤት ገባ። ስድስቱን ቡሎኖች ማጥበቅ ያቆያታል። ያቆያል ብሎ ሠላሳ ዓመት የነገራት እሱ ራሱ ነው፦ «አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ከተቸኮለ ብረቱ ይሰነጠቃል፣ እስከዚያ ማንም እንዳይጠራኝ» እያለ። እሷም እንግዳውንም፣ ስልኩንም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ኮሚቴም «ኢድዋል ቡሎን እያጠበቀ ነው» ብላ ስትመልስ ኖራለች። ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ሊጥድ ሲል ይህ ነገር ትዝ አለውና ሳይጥደው ተወው።

መሮጥ ስለተከለከለ ፈጠን ፈጠን ብሎ ወጣ። ማይርዌን እዚያው ተኝታለች፤ መፍቻው ከጎኗ ተቀምጧል።

«አለቀ እንዴ?» አለ ጎንበስ ብሎ።

«ስድስቱም። አንድ በአንድ፣ በየተራ፣ አንተ እንዳልከው ሳልቸኩል።» የእጅ ሰዓቷን ወደሱ አዞረችው። «አሥራ አንድ ደቂቃ።»

«ጎበዝ ነሽ እኮ…»

«ኢድዋል።»

«አቤት።»

«የቀረውን አርባ ዘጠኝ ደቂቃ ምን ትሠራ ነበር?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ሠላሳ ዓመት የዋሸ ሰው አንድ ማምለጫ አያጣም ነበር፤ ኢድዋል ግን አጣ። «ምንም» አለ። «እጋደማለሁ። አንዳንዴ አፏጫለሁ። ማንም አይጠራኝም።»

«ዘይት ስትቀይርስ?»

«ዘይት ሃያ ደቂቃ ነው» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

«እኔ እኮ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ነበር የምለቅልህ።»

«አውቃለሁ።»

መፍቻውን አንስታ በእጇ አገላበጠችው። ኢድዋል ቁጣዋን እየጠበቀ አንገቱን ሰበረ።

«ለነገሩ ደስ ይላል» አለች በመጨረሻ። «ነፋስ አይገባ፣ ስልክ አይሰማ። ከገባሁ ጀምሮ እራት ምንድነው ያለኝ ሰው የለም።» በጀርባዋ ተንፏቃ ወደ ጎማው ተጠጋችና የአንድ ሰው ስፍራ ለቀቀች። «ና እንጂ። መጋደም ሐኪሟ አልከለከለችህም።»

ኢድዋል ቀስ ብሎ ገብቶ ተንጋለለ። ቦታው ለሁለት ይበቃል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ግን በቃ። ሲከፋው የዋለው ልቡ አሁን ቀለል አለው።

የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰሙ። ጎረቤታቸው ኤሊነድ ናት፤ ጠጠሩን እየረገጠች መጥታ «ማይርዌን፣ አለሽ?» አለች።

ማይርዌን ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። «ዛሬ አይመቸኝም፣ ኤሊነድ» አለች በደከመ ሰው ድምፅ። «ይሄ ብረት ደረቴ ላይ ነው። ነገ ብትመጪ።»

«ውይ፣ አይዞሽ በርቺ» ብላ ኤሊነድ ተመለሰች።

ኢድዋል ዞሮ ሚስቱን አያት። ደረቷ ላይ ያሉት የገዛ እጆቿ ብቻ ነበሩ፤ በዘይት ጠቁረው፣ ጣቶቻቸው ተቆላልፈው፣ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላሉ።