የዝንብ ቤቱ ሳጥን

የክሊኒኩ ፍሪጅ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይጠገን ተብሎ ደብዳቤ ተጽፏል፤ የደብዳቤው መልስ የት ደረሰ ተብሎ ሌላ ደብዳቤ ተጽፏል። ነርሱ ሙሉአለም መጠበቁ ሲሰለቸው የታካሚ ካርዶችን ደረደረበትና በበሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ «ካርድ ክፍል» ብሎ ጻፈበት። ሙሉአለም ያልጻፈበት ዕቃ የለውም። ወንበሩ፣ ማንቆርቆሪያው፣ መጥረጊያው ሳይቀር ስም አለው። ሰዉ ይስቅበታል።

ወሩ መጋቢት፣ ዓመቱ 2009 ነው። ከሸሕዲ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚህች ቀበሌ ጥላ ሥር ተቀምጠውም ላብ አይደርቅም።

ገሰሰ ልጁን ታንጉትን በጭነት መኪና አምጥቶ ክሊኒኩ ውስጥ አስተኛት። ሰሊጥ ስትጠብቅ፣ ከግራር ሥር በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ስታድር ከርማ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት ሆዷ ተነፍቶ ነበር። ካላዛር ነው ተባለ። መድኃኒቱ ሦስት ሳምንት ተጠብቆ ከጎንደር መጣ።

«ስድስት መርፌ ነው፣ ጋሽ ገሰሰ» አለው ሙሉአለም። «አንዷም እንዳትጎድል። ከጎደለች በሽታው ብሶበት ይመለሳል፤ ሌላ ደግሞ የለንም። እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ገሰሰ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ አተመ።

ከክሊኒኩ ጀርባ ሰዉ «ዝንብ ቤት» የሚለው ክፍል አለ። ምስራቅ የምትባል ተመራማሪ ካላዛርን የምታስተላልፈውን የአሸዋ ዝንብ ሰብስባ የምታኖርበት ነው። ጣራው ላይ ሶላር ተዘርግቷል፤ በሩ ሁልጊዜ ቁልፍ ነው። «ለዝንብ መብራት፣ ለእኛ ጨለማ!» ይላል የቀበሌው ሰው። እውነቱን ነው፤ ያናድዳል።

ሐሙስ ዕለት ምስራቅ ሕዝቡን ሰብስባ ሥራዋን አስረዳች።

«ልጅ ከእናቱ ግማሽ፣ ከአባቱ ግማሽ ይወርሳል» አለች። «አንዳንድ ዘረመል ግን ራስ ወዳድ ነው፤ ግማሹ አይበቃውም፣ ለልጆቹ ሁሉ ካልተላለፍኩ ይላል። አንድ ቀን እንዲህ ያለውን በዝንቧ ውስጥ ብናስገባ፣ ሴቶቹ እየመከኑ ዘሯ ከምድር ይጠፋል።»

ገሰሰ ተነሣ። «ሴቶቹ ይመክናሉ አልሽ?»

«ሴት ዝንቦቹ፣ አባቴ። እሱም ገና በጥናት ላይ ነው። እዚህ የተለወጠ ዝንብ የለም፤ እንሰበስባለን፣ እንቆጥራለን፣ በቃ።»

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። ማን ይጨምር! ወሬው ሸሕዲ ገበያ ሲደርስ ዝንቧ መንገድ ላይ ወድቃ ሴቶቹ ብቻ ቀርተው ነበር።

ገሰሰ ደሙ ፈላ። ታንጉትን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ከፋሲካ በኋላ ሊመጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ያለችው ልጅ እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከዝንብ ቤቱ በር አልነቀለም።

ዓርብ ጠዋት ሙሉአለም ሰማያዊ ሳጥን በጋዋኑ ሸፍኖ ከዚያ በር ወጣ። አልተራመደም፤ ሮጠ። ቅዳሜም እንዲሁ። ንጹሕ ሰው በጠራራ ፀሐይ ሳጥን ታቅፎ ምን ያስሮጠዋል?

ገሰሰ መንገድ ላይ ቆመበት። «ምንድነው ኸሳጥኑ ያለው?»

«ይልቀቁኝ ጋሽ ገሰሰ፣ ፀሐዩን አያዩትም!» ብሎ በጎኑ አልፎት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ዘንድ ገባ።

«አባ፣ መርፌው ሲገባ እጄን ይበርደኛል» አለችው ታንጉት። ቀጥላም ገንፎ ጠየቀች፤ ከታመመች ወዲህ ምግብ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። ገሰሰ ስለ ገንፎው አልሰማም። በዚህ ሐሩር የሚበርድ ምን ዓይነት መርዝ ነው እያለ ጥርሱን ያፋጫል።

እሁድ ጠዋት ምስራቅ ጎንደር ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ገሰሰን ተከትሎ ዝንብ ቤቱን ከበበ። አንዱ መዶሻ፣ አንዱ በጀሪካን ናፍጣ ይዟል። ሙሉአለም ቁልፉን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ጋሽ ገሰሰ፣ ይስሙኝ! ልጅዎ…»

«ልጄን በአፍህ አትጥራ!»

ሁለት ጎረምሶች አፉን አፍነው እየጎተቱ ወሰዱት።

በሩ ተሰበረ። ውስጡ በነጭ መረብ የተሸፈኑ ሳጥኖች ናቸው፤ ጥቃቅን ዝንቦች ስኳር የነካውን ጥጥ ይልሳሉ። መረቡን በማጭድ ዘነጣጠሉት። ጥጉ ላይ አንድ ነጭ ቁም ሳጥን ያጉረመርማል። ገሰሰ ከፈተው። ቀዝቃዛ አየር ፊቱን መታው። ትናንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«እንቁላላቸው ይኸውላችሁ!» ብሎ ጮኸ።

አንድ በአንድ መሬት ላይ ፈጠፈጣቸው፤ የቀረውን በተረከዙ ረጋገጠው። ተረከዙ ደማ፤ ግድ አልሰጠውም። ለምስክር የሚሆን አንድ ጽሑፍ ያለበት ስባሪ አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ናፍጣው ፈሰሰ፣ ክብሪት ተጫረ። ሴቶች እልል አሉ።

ፖሊሱ ዘመነ ከሸሕዲ በሞተር ሲደርስ ጣራው ወድቋል።

«ይህን ያደረገው ማነው?»

ሰዉ ወደ ኋላ አለ። ገሰሰ ግን ደረቱን ነፍቶ ወደ ፊት ወጣ።

«እኔ ነኝ! ኸላስ፣ አለቀ! የልጄን ዘር ሊያጠፉብኝ ነበር፤ ቀደምኳቸው። እሰረኝ ካልህ እሰረኝ። ማስረጃው ግን ይኸው።» ስባሪውን አውጥቶ ሰጠው። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። አንተ ጮክ ብለህ አንብበው፣ አገር ይስማ!»

ዘመነ ከፕላስተሩ ላይ ደሙን በአውራ ጣቱ ጠረገና ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ታንጉት ገሰሰ። አምስተኛ መርፌ።»