የአራስ ገንፎ

እህቴ እስር ቤት ውስጥ በወለደች ማግስት እናቴ ገንፎ አገንፍታ፣ መሀሉን አጎድጉዳ ቅቤና በርበሬ ሞልታበት አብረን ይዘንላት ሄድን። በሴቶቹ በር ያለው ሰልፍ ከአምናው እጥፍ ሆኗል፤ አጥሩን ዞሮ አስፋልቱ ላይ ወጥቷል።

በር ላይ ያለችው ፖሊስ ለእናቴ ማንኪያ ሰጠቻት። ስንቅ ያመጣ ሰው ፊቷ ቀምሶ ነው የሚያስገባው።

"ቅመሺ።"

"ልጄ፣ እኔ ቅቤ አልቀምስም። እስክትፈታልኝ ድረስ ለማርያም ተስያለሁ። እህቷ ትቅመስልሽ።"

"ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው የሠራ ነው የሚቀምሰው።"

"እማማ፣ ቶሎ ይበሉልን እንጂ!" አለች ከኋላችን አንዷ። "ማርያምም እዚህ ሰልፍ ላይ ብትቆም ትቀምስ ነበር።"

ሰልፉ ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ስለቷን ካፈረሰች እህቴ በቃ የማትፈታ መስሏታል። ሳህኑን ይዛ ልትመለስ ዞረች፤ ደግሞ አራስ ልጇ በባዶ ሆዷ መዋሏ ትዝ ሲላት ቆመች። ዓይኗን ጨፍና አንድ ማንኪያ ዋጠች።

"ይቅር በይኝ፣ እመቤቴ።"

ፖሊሷ ሳህኑን ይዛ ገባች። ቆየች። ስትመለስ ገንፎው አልተነካም፤ ቅቤው ረግቷል። ከኋላዋ ሌላ ፖሊስ በእህቴ ነጠላ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋ መጣች።

"እማማ" አለች የመጀመሪያዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ "እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ።"