ከጆሮዋ ጀርባ

ተጫዋቾች ኳሱን ለማን እንደሚያቀብሉ ሹክ የምትል ቅንጣት መሣሪያ ከጆሯቸው ጀርባ ማስቀበር ከጀመሩ ወዲህ፣ የቀድሞው አማካይ ጋሽ አስረስ የማንንም ጨዋታ አያምኑም። ድሬዳዋ ላይ በጨዋታ አቀጣጣይነቷ የተወደደችው ልጃቸው ትርሲት "እኔ አላስቀበርኩም" ብትላቸውም ልባቸው አልረጋም።

ቅዳሜ ሜዳ ገብተው የሩቅ ማያ መነጽራቸውን እሷ ላይ ተከሉ። ድንገት ሕዝቡ "ዞራ እንኳ ሳታይ አቀበለች!" እያለ ተነሣ። ጎል ሆነ። እሳቸው አላጨበጨቡም።

በማግስቱ ምሳ ላይ፣ ገና እጃቸውን ሳይዘረጉ ትርሲት ቃሪያውን አቀረበችላቸው።

"ማን ነገረሽ?" አሉ ቆጣ ብለው።

"ሽሮ ሲቀርብ በዓይንህ ትፈልገዋለህ። ኳሱ ሳይመጣ ሰው ማየትን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አባባ።"

"ጸጉርሽን አንሺው።"

አነሣችው። ጣታቸው ከጆሮዋ ጀርባ ጠባሳ ቢፈልግ ለስላሳ ቆዳ ብቻ አገኘ። እፎይ አሉ፤ ወዲያው ግን አፈሩ።

"በል አሁን ንገረኝ" አለች ጸጉሯን እየመለሰች፣ "የትናንቷ ኳስ እንዴት ነበረች?"

ጋሽ አስረስ ወደ ሽሮው አቀረቀሩ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲያዩ የዋሉት ጆሮዋን ነበር።