የጨው ውሃ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ሚስቴ ክረምቱ ሲገባ ሞተች። ዝናቡ ቀን ከሌት ወረደ። ጣውላው ረጥቦ ተጣመመ፤ በር የሚያሠራ ሰው ጠፋ። እኔም መጀመሪያ ምግብ ተውኩ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ወሬ። ልጄ እጄን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ የድብርት ክኒን አዘዘችልኝ። ለማንም አልነገርኩም።

አሁን ዝናቡ አባርቷል፤ ሥራም ተመልሷል። አፍንጫዬ ግን በጉንፋን ተደፍኖ በአፌ እተነፍሳለሁ። ቱምቢ ከወዲያ ጫፍ መጋዙን ይስባል፣ እኔ ከወዲህ። ቱምቢ ያልነው ግንበኛ ግድግዳ እንደሚለካበት ገመድ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ነው። ከጎረምሳነታችን ጀምሮ አንድ መጋዝ ይዘናል።

«እንደ ወናፍ ትነፋለህ» ይላል። መጋዙን ያቆምና ከኪሱ ግማሽ የቀረው የክኒን እሽግ ያወጣል። «የእኔን አፍንጫ ባንድ ሌሊት ነው የከፈተው። እንካ፣ ዋጥ።»

«ይለፈኝ።»

«ምኑ ይለፍህ? መርዝ አደረግከው እንዴ?»

እኛ እንዲህ ነን። አንዱን ያሻለው ክኒን ለሌላው ይተርፋል፤ አልቀበልም ያለ ሰጪውን ንቋል። ሐኪሟ ደግሞ አስጠንቅቃኛለች። «አፍንጫ የሚከፍት ክኒን ከዚህኛው ጋር ሲገናኝ ደም ግፊትህን ሽቅብ ሊሰደው ይችላል። ሳትጠይቀኝ ከሰው እጅ እንዳትውጥ» ብላኛለች።

ብውጠው ደም ግፊቱን እፈራለሁ። ባልውጠው ምክንያቱን መናገር አለብኝ። ምክንያቱ ከወጣ መንደሩ «ሽማግሌው ለየለት» ይላል።

«ከመቼ ወዲህ ነው የእኔን እጅ የምትጠየፈው?» ይላል ቱምቢ።

እሱ የራሱን ምስጢር የነገረኝ እዚሁ መጋዝ ላይ ነበር። ልጁን ከቀበረ በኋላ። ማታ ማታ ሰጋቱራው ክምር ላይ ተደፍቶ እንደሚያለቅስ፣ ሚስቱ እንኳ እንደማታውቅ። ያኔ ሁለታችንም ጠጉራችን ጥቁር ነበር። ሰማሁት፤ መጋዜን ሳብኩ። ለማንም አላወጣሁበትም፤ የራሴንም ግን አልሰጠሁትም። ምስጢር ብድር ነው። ብድሩን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

«ሌላ ክኒን እወስዳለሁ» እለዋለሁ።

«የምን?»

«የድብርት። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ። ከዚህ ካንተ ጋር አይስማማም።»

ጣሪያው ላይ እርግብ ስትራመድ ይሰማል። ይስቃል ብዬ እጠብቃለሁ። አይስቅም። ክኒኑን ወደ ኪሱ ይመልሳል።

«ታዲያ አፍንጫህ እንደተደፈነ ሊቀር ነው?»

ከሽርጤ ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አወጣለሁ። አንገቴን አዘንብዬ በየቀዳዳው ጠብ አደርጋለሁ።

«እሱስ ምንድን ነው?»

«የጨው ውሃ። ከፋርማሲ። ይሄኛው ከምንም አይጣላም ብላለች ሐኪሜ።»

«የጨው ውሃማ እኔ ስንት ዘመን ከዓይኔ በነፃ ስቀዳ ኖሬ የለም?»

ሳቄ ያመልጠኛል። ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እየሳቅሁ እናፈጣለሁ፤ ባንዱ በኩል አየር ይገባል። የምንቆርጠው ጥድ ሽታ ይደርሰኛል።

ቱምቢ የመጋዙን እጀታ ይይዛል፤ ግን አይስብም። ዓይኑ ሰጋቱራው ላይ ነው።

«ያኛው ክኒን» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንቅልፍ ያመጣል?»

አየዋለሁ። ከዓይኑ ሥር ያለውን ጥቁረት ይህን ሁሉ ዓመት የሥራ ድካም ነው ስል ኖሬአለሁ።

«እኔንስ አስተኝቶኛል። ቀስ በቀስ።»

«እስቲ አንድ ፍሬ...» መዳፉን ይዘረጋል።

«አልሰጥህም።»

መዳፉ እንደተዘረጋ ይቀራል።

«ከሰው እጅ አይዋጥም። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። አብረን እንሄዳለን፤ እሷው ትይህ።»

ቱምቢ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

«ሰው ቢያየንስ?»

«ሁለት ሽማግሌ ጉንፋን ይዟቸው ነው ይበል።»

ራሱን ይነቀንቃል፤ እሺ ማለቱ ነው። ከዚያ መጋዙን ይስባል፤ እለቅለታለሁ። እስባለሁ፤ ይለቅልኛል።