የስፌት መኪናው ዝም ሲል

«እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አዳምጠሽኝ ታውቂያለሽ?» አለች ልጅቷ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከቤት ልትወጣ ስትል። እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች መስፋቷን ቀጠለች።

እናትየዋን የምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት አለቃ ትዝ አለቻት። ያቺ ሴት በስንት ጥድፊያ መሃል እንኳ ሠራተኛ ሲያናግራት እግሯን ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ታነሳለች፤ ተናጋሪው እስኪጨርስ ቃል አይወጣትም። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው እያለች ስትደነቅባት ኖራለች። አሁን እሷም መኪናዋን አቆመች። ምላሷ ላይ የመጣውን ምክር ውጣ ወደ ልጇ ዞረች።

ልጅቷ ከሥራ ከተባረረች ወር እንደሞላት፣ የእናቷን ቁጣ ፈርታ እንደደበቀቻት እያለቀሰች ነገረቻት።

«አፍሽ ተለጎመ እንዴ? ገሥጪያት እንጂ!» አለች እናትና ልጅን ልታስታርቅ መጥታ እዚያው የተቀመጠችው የልጅቷ አክስት።

«ቆይ እስቲ እትዬ፣ ገና አልጨረሰችም» አለች እናት።

አክስት ተቆጥታ ሄደች። ልጅቷ ግን ሻንጣዋን አስቀምጣ ቀረች።