የግራው ብሎን

የቡድን ውድድሩ የማስነሻ ቆጠራ አስር ላይ ሲደርስ፣ የታናሽ ወንድሙን ብስክሌት በኮርቻው ደግፎ የቆመው መካኒክ የኋላውን ጎማ የግራ ብሎን ማጥበቁን ተጠራጠረ። የቀኙን አጥብቆ ወደ ግራው ሲዞር አሰልጣኙ ጠርቶት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ከአእምሮው ድራሹ ጠፍቷል። ውድድሩ ሦስት ዙር ነው፤ ከፊት ያሉት ሁለት የቡድኑ ጓደኞቻቸው አንድ አንድ ዙር መርተው ይወጣሉ። የመጨረሻውን ዙር ብቻውን የሚበረው ወንድሙ ነው፣ ያውም ለትራክ ውድድር በተሠራ፣ ፍሬን በሌለው ብስክሌት።

«ጋሼ፣ ምነው ኮርቻውን እንዲህ ጨመቅከው?» አለ ወንድሙ ሳይዞር። «ተወዳዳሪው አንተ ነህ እንዴ?»

«አርፈህ ፊትህን እይ!»

አምስት። ቆጠራው የማሽን ነው፤ ለማንም አይቆምም። ከስሱ ልብስ ስር አምና የተሰበረው የወንድሙ ትከሻ ጎበጥ ብሎ ይታይ ነበር። ለዚህች ፍጻሜ አራት ዓመት ላባቸውን አንጠፍጥፈዋል። ሁለት። አንድ። ሁለቱ ተፈተለኩ። ወንድሙም ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ፤ ብስክሌቱ ግን ንቅንቅ አላለም። መካኒኩ ኮርቻውን ሙጭጭ ብሎ ይዞታል።

ዳኛው ድጋሚ ማስነሳት የለም አለ። አሰልጣኙ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ብሎኑ... የግራው...» አለ መካኒኩ፣ ወደ ኋላው ጎማ እያመለከተ።

ወንድሙ ወርዶ ጎንበስ አለና ብሎኑን በጣቶቹ ሞከረው። ከመካኒኩ ኪስ የብሎን ቁልፉን አውጥቶ ደግሞ ሞከረው። ከዚያ ቁልፉን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተለትና፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አጥብቀኸው ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለው።