የአማቷ ስም

ባሏ የወረቀት ባል ነው። ለካናዳ ቪዛ ሲባል የዱራሜ ሰው ሚስት ሆና ቀረበች እንጂ ዱራሜን ረግጣው አታውቅም። «ካመነታሽ አለቀልሽ፤ እንደ ውኃ አንበልብዪው» ብሏታል ያስጠናት ደላላ።

አሁን ኤምባሲ ቀርባ ቆንስሏ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፤ ጎልማሳው አስተርጓሚ በአማርኛ ያቀብላታል።

«ከሠርጉ በኋላ የት ኖርሽ?»

«ዱራሜ፣ ከባለቤቴ ወላጆች ጋር። ዓመት ሙሉ።»

«ተስማማችሁ?»

«እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ። አባትየውማ እኔ ካልቀረብኩ እህል አይቀምሱም ነበር።»

ቆንስሏ ፈገግ አለች።

«የባልሽ አባት ስማቸው ማነው?»

ይህን እንቅልፍ አጥታ ነው ያጠናችው። «አቶ ሐንዲሶ ላምቤቦ!» አለች ባንድ ትንፋሽ።

አስተርጓሚው አልተረጎመም። ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ እኔ የዱራሜ ልጅ ነኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴ የአባቴን አባት እስኪሞቱ ድረስ በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። በኛ አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ዓመት ሙሉ ስትኖሪ ይህን የነገረሽ ሰው የለም?»

«እኔ... የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ...»

አስተርጓሚው ወደ ቆንስሏ ዞሮ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ። ለአንድ ስም በጣም ረጅም ንግግር ነበር።